ሁሉም "ጎበዝ" ሲለኝ ታምሜ ነበር

ይሄን የምጽፈው ቤታቸው ጎረምሳ ላላቸው ሰዎችና ራሳቸው በዛ ዕድሜ ላሉ ልጆች ነው። ስለ ጡንቻ ነው፣ ማለቴ ጡንቻ እንዴት ይሰራል ሳይሆን "ጡንቻዬ አነሰ" የሚል ሀሳብ አንድን ልጅ እንዴት አድርጎ ከሰው እንደሚነጥለው። እኔ ጋ ወደ አምስት ዓመት ቆይቷል፣ በዛ ሁሉ ጊዜ ታመሃል ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም፣ ሁሉም ጎበዝ ነበር የሚለኝ።

13 ዓመቴ ላይ ከክፍላችን ወንዶች በቁመትም በኪሎም የመጨረሻው ነበርኩ። ጓደኞቼ ድምፃቸው ጎርንኖ ፂማቸው ማቀምቀም ሲጀምር እኔ ገና ህፃን ነበር የምመስለው። ያኔ ማንም ያልነገረኝ ነገር ምን መሰላችሁ፣ ጉርምስና ለሁሉም በአንድ ቀን አይመጣም። ወንድ ልጅ ላይ ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ መቼም ቢጀምር ጤነኛ ነው፣ ደሞ ቀድሞ የሚፈጥነው ቁመት ነው፣ ጡንቻው ከሱ በኋላ ነው የሚከተለው፣ ስለዚ አንድ ልጅ ለተወሰነ ጊዜ እጅና እግሩ ረዝሞ ቀጥኖ ቢታይ ሰውነቱ ተራውን እየጠበቀ ነው እንጂ የጎደለው ነገር የለም። ይሄ የአምስት ደቂቃ ወሬ ነው። አንድ ትልቅ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ ስንት ለሊት እተኛ ነበር።

የተነገረኝ ግን ሌላ ነው። ክፍል ውስጥ "ስንጥር" የሚል ስም ወጣልኝ። እሱንስ ቻልኩት፣ ልጆች ናቸው። ቤት ሲመጣ ነው ያቃተኝ። ዘመድ በመጣ ቁጥር ክንዴን በሁለት ጣት ይዞ "ይሄ ልጅ ንፋስ እንዳይወስደው" ይላል፣ ሁሉም ይስቃል፣ እናቴም ትስቃለች፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ታላቅ ወንድሜ ደሞ ሰውነቱ የሞላ ነው፣ "ወንድምህን አታይም" የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፣ ይገባኛል። ግን ስለ ሰውነት የሚቀለድ ቀልድ ከቤተሰብ አፍ ሲወጣ ሌላ ክብደት አለው ምክንያቱም ከውጪው ዓለም የምትሸሸው ወደ ቤት ነው፣ ቤትም ያው ከሆነ ወዴት ትሄዳለህ?

14 ዓመቴ ላይ ስልክ ተገዛልኝ። አንድ ሰሞን ማታ ማታ "ክንድ እንዴት ይወፍራል" እያልኩ ስፈልግ ከረምኩ፣ ከዛ በኋላ መፈለግ አያስፈልገኝም ነበር፣ ራሱ እየመጣ ነው። አንዱን ቪዲዮ ቆም ብለህ ካየህ ተመሳሳዩን አስር ያመጣልሃል፣ በወር ውስጥ ስልኬ ላይ ሸሚዝ የለበሰ ሰው የቀረ አይመስለኝም። ልጅ ደሞ የሚያወዳድረው ካየው ጋ ነው። እዛ ላይ ያለው ሰውዬ ፎቶውን የተነሳው ብረት አንስቶ ደም ጡንቻው ውስጥ ሞልቶ እያለ መሆኑን፣ መብራቱ ከጎን እንዲመጣ መደረጉን፣ አንዳንዱ ለፎቶው ሲል ውሃ መጠጣት ማቆሙን፣ አንዳንዱ ደሞ ስቴሮይድ የሚባለውን ጡንቻ የሚያሳድግ ሆርሞን ወግቶ መሆኑን ማን ይነግርሃል? እኔ ጠዋት ከእንቅልፌ ተነስቼ መኝታ ቤት መስታወት ፊት ያለውን ራሴን ነበር ከሱ ጋ የማወዳድረው።

ነገሩ በስልክ የተጀመረ አይደለም ደሞ። ሃሪሰን ፖፕ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 የወንድ ልጆች መጫወቻ አሻንጉሊቶችን በሜትር ለክተው ነበር። ጂ.አይ. ጆ የሚባለው የወታደር አሻንጉሊት በ1964 ሲወጣ ወደ እውነተኛ ሰው ቁመት ቢያድግ ክንዱ የተራ ሰው ክንድ ነበር የሚሆነው፣ በ1990ዎቹ የወጣው አንዱ ዓይነት ግን ክንዱ በታሪክ ከታዩት ቦዲ ቢልደሮች ሁሉ የሚበልጥ ነበር። የአምስት ዓመት ልጅ የሚጫወትበት ነው እንግዲህ። ስልኩ ያመጣው ለውጥ አሻንጉሊቱ እውነተኛ ሰው መስሎ ኪስህ ውስጥ መግባቱ ነው።

ጂም የገባሁት 15 ዓመቴ ላይ ነው፣ እና እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። እዚህ ጋ ወላጆች እንዳይሳሳቱ እፈልጋለሁ፣ ክብደት ማንሳት በራሱ ለጎረምሳ ጠላት አይደለም፣ አሰራሩን የሚያሳይ ሰው ካለና ክብደቱ ቀስ እያለ ከጨመረ ለአጥንትም ለጤናም ይጠቅማል፣ ያሳጥራል የሚባለውም እውነት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ጓደኛ አገኘሁ፣ እንቅልፌ ተስተካከለ፣ ፑሽአፕ ከሦስት ወደ ሠላሳ ሄደ። መቼ እንደተበላሸ ቀኑን አላውቀውም። ማወቅ የምችለው ምን ምን እንደቀረ ነው።

በመጀመሪያ የቀረው እረፍት ነው። አሰልጣኙ በሳምንት አራት ቀን ብሎኝ ነበር፣ እኔ ስድስት አደረኩት፣ ከዛ ሰባት፣ ከዛ ማታ ቤት ውስጥ በሩን ዘግቼ እጨምራለሁ። አንድ ቀን ከቀረሁ ክንዴ ሲሟሽሽ በዓይኔ የማየው ይመስለኝ ነበር፣ ለሊት ተነስቼ በክር እለካዋለሁ። ከዛ ከሰው ጋ መብላት ቀረ፣ ምክንያቱም ሰዓቱንም ግራሙንም እኔ ካልወሰንኩት ይጨንቀኛል፣ የአክስቴ ልጅ ሰርግ ላይ ፈተና አለብኝ ብዬ ዋሽቼ ቀርቻለሁ፣ እውነቱ ግን የዛን ቀን የእግር ልምምድ ነበረኝ። ከዛ አጭር እጅጌ መልበስ ቀረ። ይሄ ለሰው የማይገባው ነገር ነው፣ ሰውነቴ በጣም ተቀይሮ ነበር፣ ሰዎች "ኧረ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የፈረጠምከው" ይሉኛል፣ እኔ ግን በሙቀት ሁለት ቲሸርት ደርቤ ላይ ሹራብ እለብስ ነበር፣ ቀጭን መሆኔን እንዳያዩ። መስታወት ስር ስቆም የሚታየኝ ስንጥሩ ልጅ ነው። ሲያሞካሹኝ ደሞ ያዘኑልኝ ነበር የሚመስለኝ።

እና በዚህ ሁሉ መሃል ምን ይባል ነበር? ጎበዝ። ዲሲፕሊን አለው። እንደ ሌሎቹ ልጆች አይጠጣ አያመሽ። አባቴ ለጓደኞቹ "የኔ ልጅ እኮ 11 ሰዓት ሲል ተነስቶ ነው የሚሮጠው" ብሎ ሲያወራ እሰማለሁ፣ ደስ ይለኛል፣ በማግስቱ 10 ተኩል እነሳለሁ። ይሄ በሽታ ከሌላው የሚለየው እዚህ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ከውጪ ሲያዩት ጥሩ ጠባይ ነው የሚመስለው። ምግብ ያቆመች ልጅ ብታዩ ትደነግጣላችሁ። ብረት እያነሳ የሚያለቅስ ልጅ ግን "እልኸኛ ነው" ተብሎ ይጨበጨብለታል።

ስሙን ያወቅኩት በኋላ ነው። መስል ዲስሞርፊያ ይባላል። የቅድሙ ሃሪሰን ፖፕና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 መጀመሪያ ሲጽፉበት "የተገለበጠ አኖሬክሲያ" ነበር ያሉት፣ አኖሬክሲያ የሚባለው ምግብ የመተው ሕመም ያለባት ሰው ከስታ እያለች ወፍሬያለሁ ትላለች፣ እነዚህ ደሞ ፈርጥመው እያለ ቀጥነናል ይላሉ፣ በ1997 ነው አሁን ያለውን ስም ያገኘው። ከ2013 ጀምሮ ሐኪሞች በሚጠቀሙበት የምርመራ መጽሐፍ ውስጥ ቦዲ ዲስሞርፊክ ዲስኦርደር ከሚባለው፣ ማለትም ሰውነቴ ጉድለት አለበት የሚል ሀሳብ አልለቅ ከሚልበት ሕመም ስር ተመድቧል፣ ያ ደሞ ኦሲዲ ከሚባለው፣ አንድን ነገር ደጋግሞ ካላደረጉ ጭንቀቱ ከማይለቅበት ሕመም ጋ አንድ ምዕራፍ ውስጥ ነው ያለው። ይሄን ሳነብ ነው በክር መለካቱም መስታወት ስር ሃምሳ ጊዜ መመላለሱም የገባኝ፣ እጁን ደጋግሞ ከሚታጠብ ሰው ጋ አንድ ዓይነት ነገር ነበር የማደርገው። ቦዲ ዲስሞርፊክ ዲስኦርደር በብዛት የሚጀምረው 12 እና 13 ዓመት ላይ ነው፣ ከሦስት ሰው ሁለቱ ላይ 18 ሳይሞላቸው ነው የሚጀምረው። ስለዚ "የጎረምሳ ነገር ነው ይተወዋል" ብሎ ማለፍ ትክክል በሚጀምርበት ሰዓት ማለፍ ነው።

አሁን ስለ ዱቄቱና ስለ ኪኒኑ። 16 ላይ ፕሮቲን ፓውደር ጀመርኩ፣ ብዙ ልጅ ይጠቀማል፣ አሜሪካ ያለው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት ወደ 2,800 ከሚጠጉ ተማሪዎች መሃል ከወንዶቹ 35 በመቶ ገደማ ከሴቶቹ 21 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ፓውደር ወይም ሼክ እንወስዳለን ብለዋል፣ ስቴሮይድ ተጠቅመናል ያሉት ደሞ ከወንዶቹ ወደ 6 ከሴቶቹ ወደ 5 በመቶ ነበሩ። የሴቶቹን ቁጥር ልብ በሉልኝ፣ የወንድ ብቻ ጉዳይ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ፓውደሩ በራሱ መርዝ አይደለም፣ አብዛኛው ልጅ ከምግብ የሚያገኘው ይበቃዋል እንጂ። ችግሩ ጡንቻ ይጨምራል ተብለው ከሚሸጡት ሰፕሊመንቶች አንዳንዶቹ ላይ ተመርምረው ማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ ስቴሮይድ ተገኝቶባቸዋል። ሌላው ችግር እኔ ላይ የሆነው ነው፣ አንዱ ካልበቃህ ቀጣዩን ታስባለህ።

ቀጣዩ 17 ዓመቴ ላይ መጣ። ጂም ውስጥ የሚያሰለጥነን ልጅ በጨርቅ የጠቀለለ ኪኒን አሳየኝ። ልወስደው ነበር፣ ይሄን አልዋሽም። ያልወሰድኩት የስፖርት መምህራችን ከዛ በፊት ክፍል ውስጥ ያወሩን ነገር ስለነበር ነው። እሳቸው እንደሌሎቹ "ትሞታላችሁ" ብለው አላስፈራሩንም። "ጡንቻ ያሳድጋል፣ እውነት ነው፣ ለዛ ነው ሰው የሚወስደው" ብለው ጀመሩ፣ ከዛ የሚያስከፍለውን አንድ በአንድ ነገሩን። ከውጪ ሆርሞን ሲገባ ሰውነት የራሱን ማምረት ያቆማል፣ የዘር ፍሬ ይሟሽሻል፣ ወንድ ላይ ጡት ሊያበቅል ይችላል፣ ልብና ጉበት ይጎዳል፣ እያደገ ያለ ልጅ ላይ ደሞ አጥንት ጫፍ ላይ ያለው የሚያድገው ክፍል ቀድሞ ሊዘጋ ይችላል፣ በቃ ቁመት እዛ ላይ ይቆማል። እኔ በአጭርነቴ ስቃጠል ለኖርኩት ልጅ ይሄ የመጨረሻው ብቻ በቂ ነበር። ጥቅሙን ስላልደበቁን ጉዳቱን አመንናቸው። በኋላ ሳነብ አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ አትላስ የሚባል፣ ስፖርተኛ ተማሪዎች ስቴሮይድ እንዳይወስዱ የሚያስተምር ፕሮግራም የሰሩ ሐኪሞች ተመሳሳይ ነገር አግኝተው ነበር፣ ማስፈራራት ብቻ ልጆቹን አያሳምንም፣ ሁለቱንም ጎን መንገርና ልጆቹ በቡድናቸው ውስጥ ራሳቸው እንዲመሩት ማድረግ ነው የመጠቀም ፍላጎታቸውን የቀነሰው።

አንድ የቅርብ ጓደኛዬ ግን ወሰደ። እሱ ሌላ ትምህርት ቤት ነበር፣ እንዲህ የሚያወራው ሰው አልነበረውም፣ ቤት ውስጥም አባቱ ደካማ እያለ ነው ያሳደገው። ከእሱ ጋ ራሴን ሳነፃፅር ነው አደጋውና መከላከያው ጎን ለጎን የሚታየኝ። ሁለታችንም ተቀልዶብናል፣ ሁለታችንም ስልኩ ላይ ተጥደን ነበር፣ ሁለታችንም ነገር ካልተስተካከለ እንቅልፍ የማይወስደን ዓይነት ነበርን፣ በሁሉም ነገር ፍፁም ካልሆንኩ የሚል ልጅ ላይ ይሄ ነገር ቶሎ ነው የሚይዘው። የእኔ ልዩነት ጥቂት ነገር ነው። መምህሩ ነበሩ። እናቴ ብትስቅብኝም ማታ ማታ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ የመቀመጥ ልማድ ነበራት። ስዕል እስል ነበር፣ ማለትም ከሰውነቴ ውጪ "እኔ እኮ" የምልበት አንድ ነገር ነበረኝ። እሱ ጂሙን ቢቀሙት ምንም የሚቀረው አልነበረም። ዛሬ ደህና ነው፣ ግን ብዙ ከፍሏል፣ የሱን ታሪክ እሱ ራሱ ሲፈልግ ይናገረው።

እኔን ያወጣኝ አንድ ጥያቄ ነው። ትከሻዬ ተጎድቶ ነበር፣ እጄን ከፍ ማድረግ አልችልም፣ ግን በማስታገሻ እየሰራሁ ነበር። የስፖርት መምህሩ ሜዳ ጫፍ ላይ ጠሩኝና ስንት ኪሎ ታነሳለህ አላሉኝም፣ ተው እረፍም አላሉኝም። "አንድ ሳምንት ሙሉ ምንም ባትሰራ ምን የምትሆን ይመስልሃል?" አሉኝ። አፌን ከፈትኩ፣ ቃል አልወጣም፣ እንባ ነው የወጣው። አብረውኝ ቁጭ አሉ፣ ምንም ሳይሉ። ከዛ በኔ ፈቃድ እናቴን አናገሯት፣ ያንን ፈቃድ መጠየቃቸውን እስከዛሬ አልረሳም።

ሳይኮሎጂስቷ ጋ መጀመሪያ የሄድኩት የሰውነቴን ነገር ላወራ አልነበረም፣ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ ብዬ ነው። እሷ ግን ቶሎ ገባት። የሰራነው ሥራ ንግግር ብቻ አይደለም፣ እንደ ልምምድ ነበር። መስታወት በቀን ስንት ጊዜ እንደማይ መጻፍ፣ ከዛ መቀነስ። ክሩን እሷ ጋ ማስቀመጥ። በአንድ ቲሸርት ብቻ ወጥቶ ሰው የሚበዛበት ቦታ ሃያ ደቂቃ መቆየትና ጭንቀቱ ወደ ላይ ወጥቶ ራሱ እስኪወርድ መጠበቅ፣ መጀመሪያ ቀን ላብ አሰጥሞኝ ነበር፣ አምስተኛው ቀን ላይ መንገዱን ማየት ጀመርኩ። በሳምንት ሁለት ቀን ማረፍ፣ በግዴታ። ይሄ ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ የሚባለው ነው፣ ለቦዲ ዲስሞርፊክ ዲስኦርደር እንደሚሰራ የታወቀ ነው፣ ለአንዳንዱ ሰው ሐኪም ሴሮቶኒን የሚባለው የአንጎል ኬሚካል ላይ የሚሰሩ መድኃኒቶችን ይጨምርበታል፣ ለኔም ለአንድ ዓመት ታዞልኝ ወስጃለሁ፣ አላፍርበትም። ሌላ የረዳኝ ነገር ሰውነቴ ምን እንደሰራልኝ ማታ ማታ መጻፍ ነው፣ "ዛሬ እህቴን ትከሻዬ ላይ ተሸከምኳት" ዓይነት። መጀመሪያ የልጅ ነገር መስሎኝ ነበር። ቀስ እያለ ግን ሰውነቴ የሚታይ ብቻ ሳይሆን የሚሰራልኝ ነገርም ሆነ።

ጂም አልተውኩም። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን እሄዳለሁ፣ ከሰው ጋ። መጥፎ ቀን አሁንም ይመጣል፣ በተለይ ሲከፋኝ፣ ዓይኔ ቶሎ ክንዴ ላይ ይሄዳል። ልዩነቱ ያኔ ክንዴ አንሶ ነው የከፋኝ እል ነበር፣ አሁን ስለከፋኝ ነው ክንዴ ያነሰብኝ ብዬ የከፋኝን ነገር እፈልጋለሁ።

ለወላጅ የምለው ይሄ ነው። ልጃችሁ ጂም ገባ ብላችሁ አትደንግጡ፣ የሚያነሳውን ትታችሁ የተወውን ቁጠሩ፣ ጓደኛ ተወ ወይ፣ ከእናንተ ጋ መብላት ተወ ወይ፣ ማረፍ ተወ ወይ፣ ተጎድቶም ይሰራል ወይ፣ በሙቀት ይደርባል ወይ። "ቀጭን አይደለህም" ብላችሁ አትከራከሩት፣ አያምናችሁም፣ እኔ ሺህ ጊዜ ተብዬ አንዱንም አላመንኩም፣ ይልቅ ምን እንደሚሰማው ጠይቁት። ስለ ሰውነቱ የሚቀልድ ዘመድ ሲመጣ ልጁ ፊት "እባክህ በሰውነቱ አትቀልድ" በሉት፣ ያቺን ቃል አንድ ቀን እናቴ ለአንድ ዘመዳችን ስትለው ሰምቻለሁ፣ 19 ዓመቴ ነበር፣ ዘግይታም ቢሆን ውስጤ የሆነ ነገር ሲረጋ ተሰምቶኛል። የራሳችሁንም ሰውነት እነሱ ፊት አትሳደቡ፣ ልጅ ይሰማል።

ለልጆቹ ደሞ፣ የሚያስከፋህን ገፅ ዛሬውኑ አንፎሎው አድርገው፣ ስልኩ መርጦ የሚያመጣልህ ነገር እስኪቀየር ትንሽ ቀን ይፈጃል ግን ይቀየራል። ለአንድ ትልቅ ሰው ተናገር፣ ያ ሰው ከሳቀብህ ሌላ ሰው ፈልግ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። ስቴሮይድ ጀምረህ ከሆነ ደሞ ደንግጠህ ብቻህን በአንድ ቀን አታቋርጥ፣ ሰውነትህ የራሱን ሆርሞን ማምረት አቁሞ ስለሚቆይ ከባድ ድብርት ሊመጣ ይችላል፣ ሐኪም ጋ ሄደህ የወሰድከውን በሙሉ ሳትደብቅ ንገረው፣ እሱ ነው እንዴት እንደምትወጣ የሚያውቀው። መኖር አልፈልግም የሚል ሀሳብ ከመጣብህ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፣ ያኔውኑ አጠገብህ ያለውን ሰው ቀስቅሰውና አብሮህ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።